ከአርባ አንደኛው ረድፍ በላይ

የመዝናኛ በረራ ማመልከቻ ሁለት ገጽ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ «የሚያበሩበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ አንድ ሳጥን ብቻ ተሠርቷል። ከሳጥኑ አጠገብ «ለመዝናናት» ይላል። ሌላ የሚመረጥ የለም። እኔም ምልክት አደረግሁበት።

በዚያ ወር የተመዘገብነው አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ሁላችንም ከሃምሳ ዓመት በላይ ነን፤ ሁላችንም መስታወቱ ውስጥ ልጅ አለን።

መስታወቱ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት የሆነው እርሻ፣ ከሐይቁ ዳርቻ ተነስቶ እስከ ኮረብታው ግርጌ ይደርሳል። ዙሪያውን በእግር ለመሄድ ከማለዳ እስከ ምሽት ይፈጃል። ትልልቆቹ ሰዎች ዛሬም «አበባ እርሻው» ይሉታል። የተክል ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ከመጣ ወዲህ በሌላ ቦታ የነበሩት እርሻዎች ጠፍተዋል፤ የእኛው የተረፈው ስለተዘጋ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ችግኝ ይሰጠዋል። ችግኙን ተክሎ አምስት ዓመት ይዞ፣ አስረክቦ ይወጣል። በመካከል የውጭ ነገር ከነካው ችግኙ ተነቅሎ ይቃጠላል፤ ሠራተኛውም አዲስ ችግኝ ተቀብሎ አምስቱን ዓመት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ይህ «ንጹሕ ጊዜ» ይባላል።

ስልክ እዚያ አይሠራም፤ የአየር ሞገዱን የእርሻው ማሽኖች ይፈልጉታል። ደብዳቤም አይገባም፤ ወረቀት ሻጋታ ይይዛል ይላሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ «ደህና ናቸው» የሚል መልእክት ይመጣል። ለሁሉም ቤት ቃሉ አንድ ነው።

ልጄ ወለላ ትባላለች። የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህ ነገር ሲጀመር ልትወጣ የቀራት አሥራ አንድ ወር ነበር።

የመዝናኛውን ሕግ ያገኘችው ጎረቤቴ ፈትያ ናት። ልጇ ፉአድ ከወለላ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ላይ ይሠራል። እርሻው ከመሠራቱ በፊት የወጣና ማንም ያልሰረዘው መመሪያ አለ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ከማንኛውም ጣሪያ በላይ ያለው አየር ለዜጎች መዝናኛ ክፍት ነው ይላል። በትርፍ ጊዜ ለሚበር፣ መዳፍ ለሚያህል ትንሽ ድሮን። እርሻውን የያዘው ድርጅት ሁለት ጊዜ ለማሰረዝ ሞክሮ አልሆነለትም። ፈትያ ፈቃዱን ያወጣችው አምና ነው። አንድ ቅዳሜ ከበረራ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆመች።

«ወለላን አየኋት» አለች።

«እንዴት ናት?»

«አለች።»

«አለች ማለት ምን ማለት ነው ፈትያ?»

«አለች ማለት አለች ነው። ረድፏ ላይ ናት። ቀና አላለችም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አንድ እጇ በጨርቅ ታስሯል።»

«የቱ እጇ?»

አላስታወሰችም። እሷ ልጇን ልታይ ሄዳ በመንገዷ ያየችው ነው፤ ልፈርድባት አልችልም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሳይ እጁን ነበር የማየው። በማግስቱ ማመልከቻውን ወሰድኩ።

መጀመሪያ ማንበብ መማር ነበረብኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አብዛኛው አያነብም። ልጆች ሳለን ስልኩ ያነብልን ስለነበር ትምህርት ቤቶች ፊደል ማስቆጠር የተዉት በእኛ ጊዜ ነው። መስታወቱ አጠገብ ግን የሚናገር መሣሪያ አይፈቀድም፤ የድሮኑ መቆጣጠሪያ የሚያስጠነቅቀው በጽሑፍ ነው። ስለዚህ ለሦስት ወር ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ፊደል ተማርኩ። ሳልንተባተብ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል «ባትሪ» ነው።

በረራውን የምንለማመደው በድሮው አውቶቡስ መናኸሪያ ነበር። አውቶቡስ ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል። አስተማሪያችን ጋሽ ናሆም ሰባ ሊሞላው ነው። በጉልምስናው እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኒባስ ረዳት ነበር፤ እኛንም የሚያዘን እንደ ተሳፋሪ ነው።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! የግራው ዘንግ ያወጣል፣ ያወርዳል፣ ያዞራል። የቀኙ ይወስዳል፣ ይመልሳል። በቃ፣ ትምህርቱ አልቋል። የቀረው መውደቅ ነው።»

ወደቅን። የእኔ ድሮን የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ግንቡን መታ። ዘንጉን በገፋሁ ቁጥር ትከሻዬ አብሮ ይነሳል።

«ማዘር፣ ትከሻሽ አይበርም። አውርጂው» አለኝ ጋሽ ናሆም።

«የእኔ ዶሮ ከዚህ የተሻለ ትበራለች» አለች ፈትያ ከኋላ። ፈቃድ ካገኘች በኋላም ልታየን ትመጣ ነበር።

«ዶሮሽ ፈተናውን አልፋለች?»

«አላለፈችም፣ ግን ግንብ አትመታም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በጣቴ ግን ወለላ የቀራትን ወር እቆጥር ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ድሮኑ ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ነው። ያን ጊዜ የእኔ ቀኝ የእሱ ግራ ይሆናል። ወደ ቀኝ እገፋዋለሁ፣ ወደ ግራ ይሮጣል፤ ደንግጬ ይበልጥ እገፋዋለሁ፣ ይበልጥ ይርቃል። በዚህ ብቻ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ አልቻልኩም አልኩ።

ጋሽ ናሆም አጠገቤ ተቀመጠ። ጉልበቱ ጮኸ። «ስሚኝ ማዘር። አንቺ ውጭ ቆመሽ ነው የምትነጂው። ውጭ የቆመ ሰው ሹፌር አይደለም፣ ትራፊክ ነው። ውስጡ ግቢ። ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ከዚያ ቀኝሽ ሁልጊዜ ቀኝሽ ነው።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ዓይኔን ከድሮኑ ሳልነቅል ውስጡ የተቀመጥኩ መሰለኝ። በሳምንቱ ስምንት ቁጥርን በአየር ላይ መሥራት ቻልኩ። ከአራት ሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስም ለመድኩት፤ እንዳይወስደኝ ትንሽ ተቃራኒውን ማዘንበል ነው።

ሌላም የምንለማመደው ነገር ነበር። መቆጣጠሪያው ላይ ወደ አብራሪው ፊት የዞረ ካሜራ አለ። ሕጉ የሚፈቅደው መዝናናትን ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ጊዜ ደስታ የሌለበት በረራ የተመዘገበበት ሰው ፈቃዱ ይሰረዛል። ከእኛ በፊት የነበረች አንዲት እናት ልጇን ባየች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ብቻ በረረች። ስለዚህ ልምምዱ ከማለቁ በፊት ሁልጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ተያይተን ፈገግ እንላለን።

«ጥርስ ብቻ አይበቃም» ትለናለች ፈትያ፤ በዚህ እሷ ነበረች አስተማሪያችን። «ጉንጭሽን አንሺው። ካሜራው የሚያየው ጉንጭ ነው። አሁን ወለላን እያሰብሽ አድርጊው። አይ! ተበላሸ። እንደገና።»

ፈታኟ ጥፍሯ በሥርዓት የተቆረጠ፣ ትሁት ወጣት ነበረች። አርባውን የጽሑፍ ጥያቄ ካረመች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«መብረር ለምን ይወዳሉ?»

«ከላይ ሲያዩት ሁሉም ነገር ያምራል።»

«ሁሉም ይህንኑ ነው የሚሉት» አለች፣ ሳትቆጣ። ማኅተሙን መታችልኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜዬ ሲደርስ ወለላ የቀራት አራት ወር ነበር። የፉአድ አንድ ወር ተኩል ብቻ ነው፤ ፈትያ ክፍሉን ቀለም አስቀብታ ጨርሳለች።

የምንነሳበት ሜዳ ከአጥሩ ውጭ ነው። ድሮኖቹ ከበረራ በፊት በታሸገ ሳጥን ውስጥ ይታጠባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ከዚያ ለባለቤቱ ይሰጣሉ። የእኔ 718 ቁጥር ነው። ሞቅ እንዳለ መዳፌ ላይ አረፈ፤ ገላውን ታጥቦ የወጣ ሕፃን ነው የሚመስለው።

ወለላ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ ብዬ መርቄ ነው የምሸኛት። እናቴም እኔን እንደዚያ ነበር የምትሸኘኝ። መስታወቱ ውስጥ የገባች ቀን ብቻ ቀረ፤ ነጩን የመግቢያ ልብስ አልብሰዋት ስለነበር አትንኩ ተባልን። ከአሥር እርምጃ ርቀት እጄን አነሳሁላት። ያ ቀን አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልወጣልኝም።

ድሮኑን ወደ አፌ አስጠጋሁትና እንትፍ እንትፍ አልኩበት። «በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ። ዓይኔ ሁንልኝ።»

«አሚን» አለች ፈትያ።

አስነሳሁት። ባትሪው የሚቆየው አሥራ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ለመሄድ አራት፣ ለመመለስ አራት፣ የቀረው ስምንት ነው የእኔ። ከአጥሩ በላይ አለፍኩ። ጣሪያው ላይ የረድፎቹ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ አንድ በአንድ እያነበብኩ ሄድኩ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። ሰዓቱ አምስት ሰዓት አልፎ ስለነበር ለሙቀቱ ብለው የጣሪያውን መስኮቶች ከፍተዋቸዋል። አርባ አንድ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ከሥሬ ብዙ ግራጫ ልብስ አለ። የትኛዋ እንደሆነች ግን ወዲያው ነው ያወቅሁት፤ ወለላ ስትሠራ ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ውጭ ታወጣለች። ጸጉሯን ቆርጠዋታል። ግራ እጇ በጨርቅ ታስሯል።

ከዚያ ከፍታ እጇ ነጭ ነጥብ ነው። አንድ ሜትር ዝቅ አልኩ። ስክሪኑ «ዝቅ ብለዋል። ከፍ ይበሉ።» የሚል ጽሑፍ አወጣ። በደንብ አነበብኩት። ሌላ አንድ ሜትር ወረድኩ። ከዚያም ሌላ። የተከፈተው መስኮት ልክ ከሥሬ ነበር፤ እንዲያውም ጥሩ ነው አልኩ፣ መስታወት ሳይጋርደኝ አያታለሁ።

ወለላ ቀና አለች።

ወዲያው አላወቀችም፤ የእኔ መሆኑን በምን ታውቃለች? ድሮኑን እንደ ሰው ራስ ወደ ታች ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወደ ላይ አስነቀነቅሁት። ሽማግሌ ሲያልፍ እንዲህ አድርጋ እጅ እንድትነሳ ነው ያሳደግኋት። አፏን በክንዷ ሸፈነች። ከዚያ ዙሪያዋን አየችና የእጇን ጨርቅ ፈታች። መዳፏ ላይ እየሻረ ያለ የቆየ ቁስል ነበር፤ የመቀስ መሆን አለበት። ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። ሁሉም ይሠራሉ። ቀጥላ አውራ ጣቷን አጥፋ አራቱን አሳየችኝ።

አራት ወር።

ያን ቀን ጉንጭሽን አንሺ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ስመለስ ፈትያን አቅፌ አነሳኋት። «ደህና ናት! እጇ ደህና ነው! የመቀስ ቁስል ነው!»

«አውርጂኝ ሴትዮ፣ ወገቤን!» እያለች እሷም ትስቃለች። ድሮኑን ወደ መመርመሪያው ሳጥን መለስኩት። የሚመለስ ድሮን ሁሉ እዚያ ያልፋል፤ ልብ ብዬ አላየሁትም።

ሐሙስ ዕለት የእርሻው አጥር በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሴቶች ተሰብስበው ቆመዋል፣ ሁሉም ወረቀቱን ያያል፣ ማንበብ የሚችል ግን የለም። ፈትያ ስታየኝ እጄን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝ። እሷ ፈተናውን ያለፈችው የመልሶቹን ቅደም ተከተል ሸምድዳ ነው።

«አንብቢልን አርሴማ። ስም አለበት ይላሉ። የሚወጡት ስም ይሆናል።»

ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ እንዲሰማ ጮክ አልኩ፤ መምህራችን እንደዚያ ነው ያስለመደን።

«ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቁጥር 718 የሆነ የመዝናኛ ድሮን፣ ከተፈቀደው ከፍታ በታች በተከፈተ የጣሪያ መስኮት ላይ ቆሟል። ድሮኑ ሲመለስ በተደረገለት ምርመራ የሰው ምራቅ ተገኝቶበታል።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። መቀጠል አልነበረብኝም። መነጽሬን ረስቻለሁ ማለት እችል ነበር፤ ከእነዚያ ሴቶች መካከል የሚያጣራ አልነበረም።

«ቀጥይ» አለች ፈትያ።

«ከአርባኛው እስከ አርባ ሁለተኛው ረድፍ ያለው ችግኝ ተነቅሎ ተቃጥሏል። የሚከተሉት አሥራ አንድ ሠራተኞች ንጹሕ ጊዜ ከቅዳሜ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል።»

ስሞቹን አነበብኩ። አልዘለልኩም። አራተኛው ፉአድ ነው።

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩላት። ዘጠነኛዋ ወለላ ናት። እስከ አሥራ አንድ ጨረስኩ።

ከኋላችን አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀመጠች። ፈትያ እጄን እንደያዘች ነበረች።

«718 የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ታውቃለች። ሳጥኑን ቅዳሜ የተሸከመችልኝ እሷ ናት።

«የእኔ ነው።»

«እኔም እኮ ቁርአን ቀርቼ እፍ እልበታለሁ» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ። «በየቅዳሜው። የእኔ ደረቅ ሆኖ ነው።» ከዚያ እጄን ለቀቀችና ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ቀን በኋላ አላናገረችኝም። አትሰድበኝም። ሰላምታም አትመልስም።

ዓርብ ቢሮ ሄድኩ። ያችው ፈታኝ ነበረች። ወንበር ሳበችልኝ።

«ጥፋት አልተመዘገበብዎትም» አለችኝ። «ስለ ከፍታው አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው ያለብዎት። ስለ ምራቅ መመሪያው ምንም አይልም ነበር። አሁን አርባ አንደኛ ጥያቄ አድርገን ጨምረነዋል።»

«እኔ ልግባ» አልኳት። «አምስቱን ዓመት እኔ ልሥራ። እሷ ትውጣ።»

«ከአርባ ዓመት በላይ አይቀበሉም፣ እናቴ።»

«ለልጁስ? ለፉአድ? አንድ ወር ነው የቀረው። እሱ እንኳ...»

«በረድፍ ነው የሚቆጠረው።» ውሃ ቀዳችልኝ። ከዚያ መዝገቧን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የቅዳሜው በረራዎ ግን በጣም ጥሩ ነው። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ደስታ የእርስዎ ነው።»

ውሃውን ጠጣሁ። ምን ላድርግ?

በወር ሁለት ጊዜ ያልበረረ ሰው ፈቃዱን ይነጠቃል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ስለዚህ መሄድ አለብኝ አልኩ። ማታውን አፌን ብዙ ጊዜ ታጠብኩ። ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ሜዳው ላይ ፈትያ ከሁሉ ርቃ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ናሆም መጥቷል፤ እንደ ወትሮው አልጮኸም፣ አልቀለደም። ድሮኑን ከሳጥኑ ራሱ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠልኝ፤ በእጄ እንዳልይዘው ነው። አፌን በነጠላ ሸፈንኩ። ካሜራው ፊቴን ማየት ስላለበት መልሼ ገለጥኩት።

ነፋሱ ገና አልተነሳም ነበር። ያለ ችግር ደረስኩ፤ አሁን በደንብ አበራለሁ። መስኮቶቹ ላይ ወንፊት ተደርጓል። ሦስቱ ረድፎች ከላይ ሲታዩ በአረንጓዴው መካከል እንደተላጨ ራስ ናቸው። አፈሩ ጥቁር ነው፣ አመድ አለበት። አሥራ አንዱ ሰዎች በመስመር ተንበርክከው አዲስ ችግኝ ይተክላሉ።

የነገሯቸው ይመስለኛል። ከውጭ የመጣ ድሮን እንደሆነ፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንደቆመ፣ በስንት ሰዓት። ወለላ ሰዓቱን ታውቀዋለች። ማን እንደሆነ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፤ ለአሥሩ ነግራቸው ይሆን ወይስ ይዛው ይሆን? ይህን ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

የድሮን ድምፅ ከጣሪያው ሥር ይሰማል፤ ፉአድ ሁልጊዜ ገና ሳትደርስ ቀና እንደሚል ፈትያ ነግራኛለች። የእሷም ድሮን ደርሶ ከእኔ አሥር ሜትር ርቆ ቆመ። ሁለታችንም በተፈቀደው ከፍታ ላይ ነን።

ማንም ቀና አላለም። ወለላ ግራ እግሯን ወደ ውጭ አውጥታ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ችግኝ ታስገባለች፣ አፈሩን በሁለት እጇ ትጠቀጥቃለች፣ ወደሚቀጥለው ትሸጋገራለች። ድሮኑን ወደ ታች ወደ ላይ አስነቀነቅሁት። አንዴ ደገምኩት። ከዚያ ተውኩት።

ስምንት ደቂቃ ነበረኝ። ስትተክል ቆጠርኩላት፤ በስምንት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አራት ችግኝ ተከለች።